ስላይድ ያለው ይጠጋ

ባንድ ውስጥ አንድ ነገር ከቅኝት ሲወጣ ዓይን ሁሉ ወደ ኋላው ረድፍ ይዞራል። ዘፋኙ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። የሳክስፎኑ ሸምበቆ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። የቤዝ ጊታሩ ክር ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሳይቀየር ከርሞ ሊሆን ይችላል። ግድ የለም። መሪው እጁን ያነሣል፣ ሙዚቃው ይቆማል፣ ቀጥሎም "ትሮምቦን፣ እስቲ አንተ ጋ ያለውን ነገር እየው" ይላል። ያለውን ነገር! ቤዝ ትሮምቦን የምንነፋ ሰዎች በየባንዱ ብዙውን ጊዜ አንድ አንድ ብቻ ነን፤ ስለዚህ ልምምድ ላይ የሚያግዘን አናገኝም፤ እሮሯችንን የምንወጣው እርስ በርስ ስንገናኝ ነው። ስንገናኝ ደግሞ ወሬው ያው ነው፤ የባንዱ ስም ብቻ ነው የሚለዋወጠው።

የክሱ ምክንያት አይጠፋኝም። ትራምፔቱ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ወይ ተጭኖታል ወይ አልተጫነውም። ሳክስፎኑ ቀዳዳዎቹ ፋብሪካ ውስጥ ተበስተው የመጡለት ነው። ኪቦርዱማ ጭራሽ አይነካም። እኛ ግን ስላይድ አለን። ስላይድ በሁለት ኖታዎች መካከል ያለውን ቦታ በሙሉ ያወጣል፤ በመሆኑም የሳተው ማንም ይሁን ማን፣ መጠጋት የምንችለው እኛ ስለሆንን እንድንጠጋ ይፈረድብናል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ ዓይኑን ቀጭኑ ተሳፋሪ ላይ እንደሚተክለው ነው። ቀጭን መሆን ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ በግማሽ መቀመጫ የሚሄደው እሱ ነው።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ስላይዱ ሰባት ማረፊያ አለው ይባላል። ማረፊያ የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ የሚያርፍበት ነገር የለም፤ መስመር የለ፣ ምልክት የለ፣ ቋ ብሎ የሚይዝ ነገር የለ። ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከስድስተኛው እስከ ሰባተኛው ግን 11 ይደርሳል፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥር የሚቀጥለው ግማሽ ቶን የሚጠይቀው ርዝመትም አብሮ ይጨምራልና። ይህን ሁሉ የሚያስታውሰው ክንድ ነው። ክንድ ደግሞ ይደክማል፣ ይበርደዋል፣ ጠባብ ኮት ይለብሳል። ለሠርግ አንድ ዓይነት ኮት ተብሎ ልካችን ሳይታይ በታደለን ዕለት ሰባተኛውን ማረፊያ በትክክል የነካ ትሮምቦን ነፊ አላጋጠመኝም።

ይህ የተራው ትሮምቦን ጣጣ ነው። ወደ ቤዙ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ፍሪድሪሽ ዛትለር የሚባል የላይፕዚግ መሣሪያ ሠሪ በቢ-ፍላቱ ትሮምቦን ላይ አንድ ቫልቭ ጨመረ፤ በግራ አውራ ጣት ሲጫኑት ቱቦው ይረዝምና መሣሪያው ወደ ኤፍ ይወርዳል። ሰውዬው ለበጎ አስቦ ነው። ነገር ግን 2.7 ሜትር ያህል የነበረው ቱቦ ወደ 3.7 ሲዘረጋ በማረፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ሰፋ፤ ሰባት የነበሩት ስድስት ሆኑ፤ ስድስተኛውም ስላይዱ ሊወልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚገኘው። ከዚያ በታች ያለችው ቢ ጭራሽ ከስላይዱ ውጭ ቀረች። አንዲት ኖታ ናት፤ ግን የጎደለች ጥርስ ሁልጊዜ ምላስን እንደምትጠራው ዓይነት ናት። እሷን ለማግኘት ነው የዛሬው ቤዝ ትሮምቦን ሁለተኛ ቫልቭ ያበጀው፤ እሱን በመካከለኛ ጣት እንጫነዋለን። ሁለቱም አንድ ላይ ሲጫኑ ቱቦው ከ4 ሜትር ያልፋል፤ ርቀቶቹም እንደገና ይሰፋሉ። ስለዚህ አንድ ክንድ አራት ዓይነት ካርታ ይዞ ይዞራል፦ ምንም ሳይጫን፣ አውራ ጣት ብቻ፣ መካከለኛ ጣት ብቻ፣ ሁለቱም። ሁለት ኪሎ ያለፈውን ክብደት የተሸከመውም ያው ጣቶቹ ቫልቭ የሚጫኑበት ግራ እጅ መሆኑን አልረሳሁትም። እንግሊዞች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በጂ የተቃኘ ቤዝ ትሮምቦን ይነፉ ነበር፤ ስላይዱ ከክንድ ስለሚረዝም እጀታ ተቀጥሎለት ነበር የሚገፋው። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ለነበረው ሰው አዝናለሁ።

እንግዲህ መሪው "ተቃኙ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይታያችሁ። ሦስት መቃኛ አለኝ፤ ዋናው፣ የአንደኛው ቫልቭና የሁለተኛው ቫልቭ። የሚሰጠኝ ጊዜ ግን ጊታሪስቱ መሰኪያውን አስገብቶ እስኪያበቃ ነው። ኪቦርዲስቱ ደግሞ ኤን ይዞ ይቆያል። ኤ ለቫዮሊን ደግ ነው። ለእኛ ግን ኤ የሚገኘው ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ነው፤ እዚያ የሚቃኘው ቱቦው ሳይሆን ክንዴ ነው። "ወንድሜ፣ ቢ-ፍላት ስጠን" ስንለው "ምን ለውጥ አለው፣ ያው ነው" ይላል። ለእሱ ያው ነው፤ ሁሉም አብሮት ከሳጥን ወጥቷላ።

ቢ-ፍላቱን በልመና አግኝተን ዋናውን መቃኛ አስተካከልን እንበል። የቫልቩ ነገር ይቀጥላል። ኤፍን በልኩ ብቃኘው ዝቅተኛዋ ሲ ስላይዱ ጫፍ ላይ ትወድቅብኛለች፤ ሲ እንድትደረስ ብዬ መቃኛውን ትንሽ ባስገባው ኤፍ ከፍ ትልና ስላይዱን በዚያው ልክ አውጥቼ መጫወት አለብኝ። የትኛው ይሻላል? በዚህ ጉዳይ ሁለት ትሮምቦን ነፊዎች ቡና ቢጠጡ ሦስት አቋም ይዘው ነው የሚነሡት። መሪዎች ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩንም አያውቁም። መሣሪያ አንዴ ተቃኝቶ የሚቀመጥ ይመስላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ቱቦው ራሱ ከኪቦርዱ ጋር የማይስማማ መሆኑ ነው። ስላይዱን ሳላንቀሳቅስ ከንፈሬን ብቻ እያጠበቅሁ ወደ ላይ ብወጣ የተፈጥሮ ድምፆች ይደረደራሉ። ከእነሱ አምስተኛዋ ዲ ናት። ይህች ዲ ከኪቦርዱ ዲ በ14 ሴንት ዝቅ ትላለች፤ ሴንት ማለት የግማሽ ቶን አንድ መቶኛ ነው። ሰባተኛዋማ በ31 ትወርዳለች፤ እሷን ስላይዱን ዘግቶ የሚነፋ ጤነኛ የለም። የዲ መከራ ግን መሸሺያ የለውም፤ ስላይዱ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ ከዚያ ወዲያ ማሳጠሪያ የት አለ? ልምድ ያለው ነፊ ለዚህ መላ አለው። ዋናውን መቃኛ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገፋና አንደኛውን ማረፊያ ከመዝጊያው ጣት ያህል አውጥቶ ይጫወታል፤ ዲ ስትመጣ ወደ ውስጥ ይስባታል። ብልህ መላ ነው። ችግሩ መሪው ያያል። "ስላይድህ አልተዘጋም እኮ፣ ዝጋው!" ይላል፤ ከፊት ቆሞ በዓይኑ ያደምጣል።

ደግሞ ያቺው ዲ ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለችም። ኪቦርድ በሌለበት፣ ትራምፔቱ ቢ-ፍላትን ሳክስፎኑ ኤፍን ይዘው እኔ ዲን ባስገባላቸው፣ ዝቅ ማለቷ ልክ ነው፤ ንጹሑ ሦስተኛ ድምፅ ያለው እዚያው ነው። ኪቦርዱ ሲገባ ያው ድምፅ፣ ያው ቦታ፣ ስሕተት ይሆናል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ኪቦርዱ ሦስት ጊዜ ቢገባና ቢወጣ እኔ ሦስት ጊዜ ልክ ሦስት ጊዜ ስሕተት ነኝ፤ ከቦታዬ ግን አልተነቃነቅሁም።

ብርዱን ደግሞ እንዴት ልተወው። የካቲት 23 ጠዋት ለዐድዋ በዓል በማርሽ ባንድ ተሰልፎ የቆመ ሰው ይመስክር። ሰልፉ ከንጋት ጀምሮ ይቆማል፤ እንግዶቹ የሚመጡት በራሳቸው ሰዓት ነው። በዚያ መካከል ናሱ እጅ ላይ እየበረደ ይሄዳል። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ቁጥር ድምፅ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ይዘገያል፤ ይህ በቱቦ ውስጥ 3 ሴንት ገደማ መውረድ ነው። ጠዋት 10 ዲግሪ፣ ቀትር ላይ 22 ቢሆን የግማሽ ቶን ሲሶ ያህል ልዩነት ሊመጣ ነው። ትንፋሻችን ቱቦውን ያሞቀዋል፣ ልክ ነው፤ ከነፋን ያሞቀዋል። "ዝም ብላችሁ ቁሙ" ከተባልን ግን ምን ያሞቀዋል? ትራምፔቱ ትንሽ ስለሆነ በሁለት ትንፋሽ ይነቃል። የእኔ ግን ናሱም ቱቦውም የትየለሌ ነው። በዚህ ላይ የቫልቮቹ ቱቦ ካልተጫኑ ትንፋሽ አያልፍበትም፤ ዋናው ቱቦ ሞቆ እነሱ ቀዝቃዛ አየር እንዳቆሩ ይቆያሉ። የመጀመሪያዋን ዝቅተኛ ኖታ ለመንፋት አውራ ጣቴን ስጫን ያ የታቆረ ብርድ ነው የሚመጣው። ድምፁ ዘጭ ይላል። ባለሥልጣኑ የአበባ ጉንጉኑን ሊያኖር ጎንበስ ባለበት ቅጽበት!

አንዳንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ "የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቅኝት ያወርዳል" ይላል። አያወርድም። የድምፅ ፍጥነት በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይለዋወጥም፤ 2,300 ሜትር ላይ ሆነን ቅኝታችን ባሕር ጠረፍ ካለው ሰው ጋር ያው ነው። ከፍታው የሚወስድብን ትንፋሽ ነው። ቤዝ ትሮምቦን ዝቅተኛው ድምፅ ላይ አየር ይጠጣል፤ ረጅሙን ኖታ መሪው እጁን እስኪያወርድ ድረስ መያዝ ሲያቅተኝ መጨረሻው ይንጠባጠባል፤ ያንን ደግሞ "ወረደ" ይሉታል።

ለነገሩ ከናስ ጋር አዲስ አይደለንም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ልከዋል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አስመጥተው የመንግሥት ባንድ አቋቋሙ፤ አርባ ልጆች የምንላቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ኦርኬስትራ ስንቱን ነፊ አፍርቷል። ይህን ያህል ዘመን ከናስ ጋር ኖረን፣ ከሰልፍ በፊት ለሩብ ሰዓት መሣሪያ ማሞቅ የሚባል ነገር መርሐ ግብር ላይ ለማስጻፍ ዛሬም የሚሰማን አለቃ አላገኘንም።

ሠርጉ ግን ከሁሉ ይብሳል።

ዘፈኑ በኤፍ ነው። ተለማምደነዋል። ኤፍ ለእኔ ርስቴ ነው፤ አውራ ጣት ተጭኖ ስላይዱ ተዘግቶ ይመጣል። ባንዱ መግቢያውን ሊጀምር ሲል ዘፋኙ ወደ ኪቦርዱ ዞር ብሎ አንድ ጣቱን ወደ መሬት ያመለክታል። ጉሮሮውን ይዞታል፤ ግማሽ ቶን ይውረድልኝ ማለቱ ነው። ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ አንዴ ጠቅ ያደርጋል። አለቀ። ጣቶቹ በለመዱት ቦታ ይቀጥላሉ፤ ከፈለገ ማስቲካውንም ያኝካል። ለትንፋሽ ክፍሉ ግን የሚነግረን የለም፤ የምናውቀው የመጀመሪያዋን ኖታ ነፍተን ፊታችን ሲቀላ ነው። አሁን በኤፍ ነን አይደል? አይደለም፣ በኢ ነን። ትራምፔቱ ኤፍ ሻርፕ ውስጥ ሰምጦ እጁን ያወራጫል። አልቶው ሳክስፎን አምላኩን ይጠራል። የእኔን ልንገራችሁ። የኤፍ አምስተኛዋ ሲ ነበረች፤ የኢ አምስተኛዋ ማን ናት? ያቺ የጠፋችው ቢ ናት! ዛትለር የጣላት፣ ሁለተኛ ቫልቭ ያስጨመረችው። የቤዙ መስመር ደግሞ ከአንደኛዋ ወደ አምስተኛዋ እየተመላለሰ ዱብ ዱብ የሚል ነው። ኢን አውራ ጣት ተጭኜ ስላይዱን 11 ሴንቲ ሜትር አውጥቼ አገኛታለሁ። ለቢ ሁለቱንም ጣት ተጭኜ ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ማረፊያ መካከል፣ 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ማረፍ አለብኝ። ከዚያ መመለስ። ከዚያ እንደገና መሄድ። በእስክስታ ፍጥነት! ሚዜዎቹ ትከሻ ይመታሉ፣ እኔ ክንድ።

ላይኛዋን ቢ ብነፋ ከኢ ጋር እዚያው ቦታ ትገኛለች፤ ስላይዱን መንካትም አያስፈልግም። ይህን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። ያንን ያደረግሁ ዕለት "ቤዙ የት ጠፋ?" ተባልኩ። ታችኛዋን ስነፋ "ቤዙ ከቅኝት ወጣ" እባላለሁ። ዘፋኙን ማን ይናገረዋል? ስሙ ፖስተሩ ላይ ነው። ኪቦርዱንስ? ተከራይተው ነው ያመጡት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይኸው ነው።

የባህል ምሽት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ማሲንቆው ይገባል። የማሲንቆ ክር ማረፊያ የለውም፤ ባለማሲንቆው ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮው ባዘዘው ቦታ ነው፤ የትዝታውም ሆነ የአንቺሆዬው ድምፅ ከኪቦርዱ ነጭና ጥቁር መካከል ቢወድቅ አይገርምም። እሱ ልክ ነው። መሪው "ማሲንቆውን እንዳትነኩት፣ ባህል ነው" ይላል፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ኪቦርዱም ከጎኑ ሆኖ ይጫወታል፣ እሱም አይነካም። ሁለቱ በማይገናኙበት ኖታ ላይ እኔ የት ልቁም? ወደ ማሲንቆው ብጠጋ ኪቦርዲስቱ ይገላምጠኛል፤ ወደ ኪቦርዱ ብጠጋ ባለማሲንቆው አንገቱን ይነቀንቃል። መካከል ላይ የቆምኩ ዕለት ሁለቱም ተስማሙ፤ ጥፋቱ የትሮምቦኑ ነው ብለው።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ጸጥ፣ ጊታሩ ጸጥ። ማሲንቆውና እኛ ነፊዎቹ ቀረን። ማንም ማንንም ሳያዝ ሁሉም ወደ ሁሉም ተጠጋና አዳራሹ ውስጥ ድምፁ እንደ አንድ ሆኖ ተነሣ፤ እድምተኛው ሹካውን አስቀመጠ። ደስታው የቆየው ጄነሬተሩ እስኪነሣ ነው። ጄነሬተሩ ሲነሣ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ያ የተለመደው የ50 ኸርዝ እምምምታ ገባ። 50 ኸርዝ ከእኔ ዝቅተኛ ጂ በ35 ሴንት ከፍ ይላል። ጄነሬተሩ ሳይቀር ከእኔ ጋር አይገጥምም፤ እሱንም እንድጠጋው ነው መሰል።

አሁን አሁን ደግሞ ስልክ መጣ። በየሰዉ ስልክ ላይ መቃኛ ተጭኗል፤ ትናንት የተቀጠረው ድምፃዊ ሳይቀር ስልኩን ከመሣሪያዬ አፍ ላይ ደግኖ "ቀይ እያሳየ ነው ጋሼ" ይለኛል። እስቲ ይሁን። ዝቅተኛዋ ቢ-ፍላት 58 ኸርዝ ናት። የስልክ ማይክ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው፤ እዚያ ታች ያለውን በቅጡ አይሰማም፤ መርፌዋ አንዴ ቢ-ፍላት አንዴ ኤፍ እያለች ትዋልላለች፤ የምትይዘው የእኔን ድምፅ ሳይሆን በላዩ ላይ ያሉትን የተፈጥሮ ድምፆች ነው። ሌላም አለ። 440 ላይ የ1 ኸርዝ ስሕተት 4 ሴንት ነው፤ ጆሮ ብዙም አይቆጣም። 58 ላይ ያቺው 1 ኸርዝ 30 ሴንት ገደማ ትሆናለች። ከንፈሬ ለቅጽበት ብትዝል እዚያ ነኝ። ለትራምፔቱ የሚታለፍለት ስሕተት እኔን ያሰቅለኛል። ይህን ለዚያ ልጅ ባስረዳው "ግን ቀይ ነው" አለኝ።

ቱባውን ሳልጠቅስ ብቀር ግፍ ይሆናል። ከእኔ አጠገብ የሚቀመጡት አንጋፋ ቱባ ነፊ ናቸው፤ የማከብራቸው፣ ከወታደር ባንድ ጡረታ የወጡ ሰው። የቱባቸው ዋና መቃኛ ግን ተጣብቋል። መቼ እንደተጣበቀ የሚያስታውስ የለም። በዘይት፣ በሙቅ ውሃ፣ በጨርቅ ጠምዝዞ በመጎተት ተሞክሯል፤ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ቱባው ባለበት ዝቅ ብሎ ቀርቷል። "ጋሼ፣ ጋራዥ ይወሰድ እንዴ?" ብዬ ደፈር ብዬ ብጠይቃቸው፣ "አንተ ልጅ፣ ይኼ መሣሪያ አንተ ሳትወለድ በልኩ ነበር፤ የአንተ ስላይድ ይገፋል አይደል? ግፋው" አሉኝ። እኔና እሳቸው አንድ ዝቅተኛ ኖታ ስንይዝ ድምፁ ዋው ዋው ዋው እያለ ይማታል። ያ ምት ሁለት ድምፆች ሲቀራረቡ ግን ሳይገጥሙ የሚመጣ ነው። መሪው ሲሰማው ማንን እንደሚያይ ልነግራችሁ አይገባም። እኔም ገፋሁ፤ ገፍቼ ከቱባው ገጠምኩ፤ ከዚያ ከቀረው ባንድ ተለያየሁ።

ስለ ስላይድ ቅባትማ አይነሣ። ስላይዱ ካልተንሸራተተ ካርታው ሁሉ ከንቱ ነው። የተመረተለት ቅባት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካልያዘልን በስተቀር በቀላሉ አይገኝም፤ የድሮ አሜሪካውያን ነፊዎች ፖንድስ ክሬም ቀብተው ውሃ ይረጩበት እንደነበረ ሰምተን እኛም የእኅቶቻችንን ጨርሰናል። ለቫልቮቹ የስፌት መኪና ዘይት ያገለግላል። ስላይዱ ሚኒባስ ውስጥ ከሰው ጉልበት ጋር ተጋጭቶ በጥቂቱ ከተጎዳ ግን ክሬምም አያድነውም፤ አራተኛው ማረፊያ ላይ ይነክሳል፤ ነክሶ የቆመበትን ቦታ ሰዎች ቅኝት ብለው ይፈርዱበታል። ረዳቱ ደግሞ ለሳጥኑ የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀብሏል።

ባለፈው ሠርግ ማግስት ቪዲዮው በቴሌግራም ተለቀቀ። መሪው ደወለ። "ሰማኸው? ትሮምቦኑ ወርዷል" አለኝ። በምን እንደሰማው ጠየቅሁት፤ በስልኩ። እኔም እንዲህ አልኩት፦ "የስልክህ ድምፅ ማጉያ 58 ኸርዝ አያወጣም። የእኔ ዝቅተኛ ድምፅ መሠረቱ እዚያ ውስጥ የለም፤ የሚሰማህ ከላዩ ያለው ነው፣ እሱም ከቱባው፣ ከቤዝ ጊታሩና ከኪቦርዱ ግራ እጅ ጋር ተደባልቆ። የወረደው ማን እንደሆነ በዚያ አይለይም። በሄድፎን ስማው፤ ከዚያ ደውልልኝ።"

ጥቂት ዝም አለ።

"ሄድፎኔ አንዱ ጆሮው ሞቷል" አለኝ። "ለማንኛውም ለቅዳሜው ዘፋኙ ሁለቱን ዘፈን በኢ አድርጉልኝ ብሏል፤ ተዘጋጅ።"